ከሶኬቱ የሚጀምር የጌም ኮምፒውተር፦ ከጎንደር ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

የቀረበው ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው በጎንደር ከተማ ማራኪ አካባቢ በኪራይ ቤት የሚኖሩ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው። ለሁለት ዓመት ባጠራቀሙት ገንዘብ ከታናሽ ወንድማቸው ጋር የኳስ ጌሞችንና ሰፊ ዓለም ያላቸውን ትልልቅ ጌሞች የሚጫወቱበት፣ ቢያንስ ስድስት ዓመት የሚያገለግል ኮምፒውተር መሥራት ይፈልጋሉ። በዝርዝራቸው ላይ አርቲኤክስ 4070 ግራፊክስ ካርድ (የጌሙን ሥዕል ለስክሪኑ የሚስለው ክፍል)፣ አንድ ባለ 8 ጊጋባይት ራም፣ ባለ 1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ፣ ከኬዙ (ከኮምፒውተሩ ሳጥን) ጋር አብሮ የሚመጣ «600 ዋት» የሚል ፓወር ሰፕላይ (ከሶኬቱ የመጣውን ኃይል ለውስጥ ክፍሎቹ የሚያከፋፍለው) እና ቤት ውስጥ ያለ አሮጌ ባለ 60 ኸርዝ ስክሪን ሰፍሯል። ጥያቄያቸው «4070ን አሁን ልግዛ ወይስ አንድ ዓመት ታግሼ 4090 ልግዛ?» የሚል ሲሆን፣ በመጨረሻው ላይ እግረ መንገዳቸውን «አከራያችን እንጀራ ሲጋግሩ መብራቱ ይደክማል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምረዋል።

ውድ ጠያቂ፣ ከጻፉት ሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ይህ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነው። በፒያሳ አካባቢ ኮምፒውተር በመጠገን ረጅም ዓመታት አሳልፌአለሁ፤ በእጄ ካለፉት የጌም ኮምፒውተሮች መካከል ካርዱ አነስተኛ በመሆኑ ምክንያት የመጣልኝ አንድም የለም፤ በመብራት ምክንያት የመጡት ግን ብዙ ናቸው። ስለዚህ ዕቅድዎን ከግራፊክስ ካርዱ ሳይሆን ከግድግዳው ሶኬት ጀምረው ወደ ውስጥ እንዲገቡ አጥብቄ እመክርዎታለሁ፤ መጀመሪያ የቤቱ መስመር፣ ቀጥሎ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየው መሣሪያ)፣ ከዚያ ፓወር ሰፕላይ፣ ከዚያ ስክሪን፣ ካርዱ ደግሞ ከእነዚህ በኋላ። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የሚለው የእናቶቻችን አባባል ለዚህ ሥራ በትክክል ይስማማል።

የመብራቱን መድከም በቅድሚያ እንመልከት። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ የሚወስድ ዕቃ ነው፤ ይህም በ220 ቮልት ወደ 14 አምፔርና ከዚያ በላይ ማለት ነው። በአንድ ቆጣሪ ሥር ብዙ ክፍሎች ባሉበት ግቢ፣ ወደ እርስዎ ክፍል የተሳበው ገመድ ቀጭን ከሆነ ወይም መጋጠሚያው ከላላ፣ ምጣዱ በተሰካ ቁጥር ቮልቱ ይወርዳል፤ አምፖሉም ይደክማል። ይህ ደስ የማያሰኝ ቢሆንም ጥሩ ፓወር ሰፕላይ ላለው ኮምፒውተር ገዳይ አይደለም፤ ምክንያቱም ዘመናዊ ጥራት ያላቸው ፓወር ሰፕላዮች ከ100 እስከ 240 ቮልት ባለው ክልል ውስጥ ራሳቸውን አስተካክለው ይሠራሉ። ቮልቱ ሲወርድ የሚስቡት አምፔር ይጨምራል፤ ለምሳሌ 350 ዋት የሚወስድ ኮምፒውተር በ220 ቮልት 1.6 አምፔር ያህል የሚስብ ሲሆን፣ በ160 ቮልት ግን 2.2 አምፔር ያህል ይስባል፤ በዚህ ጊዜ የሚሞቀው የላላው ማከፋፈያና መጋጠሚያው ነው።

ይልቁንም አንድ ነገር በጥንቃቄ እንዲያስተውሉ እፈልጋለሁ። ምጣዱ ወይም ሌላ ከባድ ዕቃ ሲሰካ የእርስዎ አምፖል ከመድከም ይልቅ ከወትሮው በላይ የሚደምቅበት ጊዜ አለ? ካለ ጉዳዩ ሌላ ነው። ይህ ኒውትራል የሚባለው መመለሻ ገመድ ምሰሶው ላይ ወይም ቆጣሪው አካባቢ መላላቱን ወይም መቆረጡን የሚያመለክት ሲሆን፣ በዚህ ሁኔታ ከሦስቱ መስመሮች ብዙ ጭነት በሌለበት ላይ ቮልቱ ከ220 እጅግ አልፎ ሊወጣ ይችላል። ቴሌቪዥን፣ ፍሪጅና ኮምፒውተር በአንድ ሌሊት አብረው የተቃጠሉበት ቤት ብዙውን ጊዜ ታሪኩ ይህ ነው። እንዲህ ያለ ምልክት ካዩ ሁሉንም ዕቃ ከሶኬት ነቅለው፣ ባለሙያ መስመሩን አይቶ እስኪያስተካክል ድረስ መልሰው አይሰኩ።

ሦስተኛው የመሬት መስመር ነው። በከተማችን ባሉ ብዙ የቆዩ ቤቶች ሶኬቱ ባለ ኧርዝ ቢመስልም፣ ከጀርባው የተያያዘ የመሬት ገመድ የለም። በባዶ እግርዎ ቆመው የኮምፒውተርዎን ኬዝ ሲነኩት ቢነዝርዎት ምክንያቱ ይህ ነው፤ በፓወር ሰፕላዩ መግቢያ ላይ ረብሻ ለማጣራት የተቀመጡ ትንንሽ ካፓሲተሮች ወደ መሬት መሄድ የነበረበትን ጥቂት ፍሰት ብረቱ ላይ ያስቀሩታል። ፍሰቱ ትንሽ ስለሆነ ሰዎች ይለምዱታል፤ መልመድ ግን አይገባም። ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ እውነተኛ ብልሽት ቢደርስ፣ በእርስዎና በ220 ቮልት መካከል የሚቆመው ያ የመሬት መስመር ብቻ ነውና። አከራይዎን አስፈቅደው በግቢው ውስጥ የመሬት ዘንግ ማስቀበርና ከቆጣሪው ሰሌዳ ቀጥታ ወደ ኮምፒውተሩ የሚመጣ፣ የራሱ ብሬከር ያለው መስመር ማስዘርጋት ከዝርዝርዎ ሁሉ በወጪ ከዝቅተኞቹ አንዱ፣ በጥቅሙ ግን ቀዳሚው ነው። ቤቱም የሚሻሻለው ለአከራዩ ስለሆነ፣ በአግባቡ ሲያስረዷቸው እምቢ የሚሉ ብዙ አይደሉም።

አሁን ወደ ፓወር ሰፕላዩ እንምጣ። ከኬዝ ጋር «በነጻ» የሚመጣውን ባለ «600 ዋት» ዕቃ ከዝርዝርዎ ሙሉ በሙሉ ያውጡት። ጀርባው ላይ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ መቀያየሪያ ካለው፣ የቮልት መዋዠቅን ራሱ የማያስተካክል የድሮ አሠራር መሆኑን በዓይንዎ አረጋገጡ ማለት ነው፤ መቀያየሪያው በስህተት 115 ላይ ሆኖ ከእኛ 220 ጋር የተገናኘ ዕለት በአንድ ቅጽበት ይፈነዳል። ሲቃጠል ደግሞ ብቻውን ላይሄድ ይችላል። አንድ ክረምት፣ ከነጎድጓድ በኋላ መብራት ሄዶ በተመለሰበት ምሽት የተቃጠለ ኮምፒውተር አንድ ወጣት ይዞልኝ መጥቶ ነበር፤ ርካሹ ፓወር ሰፕላይ ማዘርቦርዱንና አዲሱን ካርድ ይዟቸው ሄዷል። ልጁ ለካርዱ ብቻ ስንት ወር እንደቆጠበ ሲነግረኝ የተሰማኝ ሐዘን ዛሬም አለቀቀኝም፤ ይህን ያህል የማስረዝመውም ስለዚሁ ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። አርቲኤክስ 4070 እስከ 200 ዋት ይወስዳል። ቀጥዬ የምመክርዎ ፕሮሰሰር ከ90 ዋት አይበልጥም። ማዘርቦርዱ፣ ራሙ፣ ዲስኩና ማራገቢያዎቹ ተደምረው ከ50 እስከ 60 ዋት ቢቆጠሩ፣ በጌም ሰዓት የሚያስፈልገው ጠቅላላ ኃይል ወደ 350 ዋት ነው። ካርዶች ለቅጽበት ከተጻፈላቸው በላይ ስለሚስቡ መጠባበቂያ ያስፈልጋል፤ የካርዱ አምራችም ለ4070 የሚመክረው 650 ዋት ነው። እንግዲህ 80 ፕላስ ጎልድ የሚል ማረጋገጫ ያለው፣ የመግቢያ ቮልቱ 100–240 ተብሎ የተጻፈበት፣ ታዋቂ አምራች የሠራው ባለ 650 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይግዙ። የጎልድ ማረጋገጫው የሚናገረው ስለ ኃይል ቁጠባ ብቻ ስለሆነ፣ የአምራቹን ስምና የዋስትናውን ዘመን አብረው ይመልከቱ፤ ሰባት ወይም አሥር ዓመት ዋስትና የሚሰጥ አምራች በዕቃው ይተማመናል።

ዩፒኤስን በተመለከተ የብዙ ሰው ስህተት በካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር ማመን ነው። «650» የሚለው ቪኤ (ቮልት በአምፔር ተባዝቶ) እንጂ ዋት አይደለም፤ እንዲህ ያለው ዩፒኤስ በአብዛኛው የሚሸከመው 360 ዋት ገደማ ብቻ ነው። የእርስዎ ኮምፒውተር ከነስክሪኑ ወደ 380 ዋት ስለሚደርስ፣ መብራት በሄደበት ቅጽበት ዩፒኤሱ ጭነቱ በዝቶበት አብሮ ይጠፋል፤ ያም ከነጭራሹ ዩፒኤስ እንደሌለ ያህል ነው። ቢያንስ 600 ዋት የሚል፣ ማለትም ከ1,000 እስከ 1,200 ቪኤ የሆነ፣ ቮልት የሚያስተካክል ክፍል በውስጡ ያለው ዓይነት ይምረጡ፤ አቅምዎ ከፈቀደም በባትሪ ሲሠራ የሚሰጠው ሞገድ ንጹሕ ሳይን የሆነውን ይውሰዱ፤ ምክንያቱም ጥሩ ፓወር ሰፕላዮች የተቆራረጠ ሞገድ ሲሰጣቸው አንዳንዴ ራሳቸውን ያጠፋሉ። ከዩፒኤሱ የሚጠብቁት ግን በመጠኑ ይሁን፤ ጌሙን ሴቭ አድርገው በሥርዓት የሚያጠፉበት ጥቂት ደቂቃ ይሰጥዎታል፤ መብራት እስኪመጣ ለመጫወት የሚበቃ ባትሪ የለውም። ባትሪውን እስከ መጨረሻው እያሟጠጡ መጠቀም ዕድሜውን ያሳጥራል። የቤቱ ቮልት በስፋት የሚዋዥቅ ካልሆነ በስተቀር ከዩፒኤሱ በፊት ሌላ ርካሽ ስታቢላይዘር (የቮልት ማስተካከያ) መደርደርም አያስፈልግም፤ የስታቢላይዘሩ መቀያየሪያ ቋ፣ ቋ ባለ ቁጥር ዩፒኤሱ ወደ ባትሪ እየገባና እየወጣ ይደክማል። በክረምት ነጎድጓድ ሲጀምር ደግሞ የትኛውም መሣሪያ የእጅዎን ያህል አይከላከልም፤ የመብራቱንም የኢንተርኔቱንም ገመድ ይንቀሉ።

ይህን ሁሉ ካሰናዳን በኋላ ስለ 4070 እና 4090 መነጋገር እንችላለን፤ እሱም የሚወሰነው በስክሪኑ ነው። ግራፊክስ ካርድ የሚደክመው ነጥብ በመሳል ነው። የተለመደው 1080 ስክሪን 2.1 ሚሊዮን ያህል ነጥቦች አሉት፤ 1440 የሚባለው 3.7 ሚሊዮን፣ 4ኬ ደግሞ 8.3 ሚሊዮን ያህል። አሮጌው ስክሪንዎ ባለ 60 ኸርዝ ስለሆነ በሰከንድ ከ60 ሥዕል በላይ ማሳየት አይችልም፤ በሁለት ሥዕሎች መካከልም 16.7 ሚሊሰከንድ ያልፋል። 4090ን ከዚህ ስክሪን ጋር ቢያገናኙት፣ ካርዱ የሚሠራውን አብዛኛውን ሥራ ዓይንዎ ፈጽሞ አያየውም። በአንጻሩ ባለ 27 ኢንች፣ 1440፣ 144 ኸርዝና ከዚያ በላይ የሆነ አይፒኤስ ስክሪን ቢገዙ፣ በሥዕሎቹ መካከል ያለው ጊዜ ወደ 6.9 ሚሊሰከንድ ይወርዳል፤ በኳስ ጌም ላይ ተጫዋቹ ለቁልፍዎ ቶሎ ሲታዘዝ የሚሰማው ልዩነት ይህ ነው። 4070 ከነ12 ጊጋባይት ሜሞሪው ለእንዲህ ያለው ስክሪን በትክክል የተመጠነ ካርድ ነው፤ ሲያረጅም ዲኤልኤስኤስ የተባለው በአነስተኛ ነጥብ ስሎ የማሳደግ ዘዴ ዕድሜውን ያራዝምለታል።

ስለዚህ መልሴ ግልጽ ነው፦ 4090ን ይተዉት። እሱ ብቻውን 450 ዋት የሚወስድ ካርድ ነው፤ ትልቅ ፓወር ሰፕላይ፣ ከዚያም የሚበልጥ ዩፒኤስ፣ ሰፊ ኬዝና 4ኬ ስክሪን ይዞ ካልመጣ ትርጉም የለውም፤ በጋራ ቆጣሪ በሚኖሩበት የኪራይ ክፍል ደግሞ ሸክሙ ይበዛል። አንድ ዓመት የሚያስታግሥዎትን ገንዘብ ለስክሪኑ፣ ለፓወር ሰፕላዩና ለዩፒኤሱ ያውሉት። ኳስ ጌም ብቻ ቢሆን ኖሮ እንዲያውም 115 ዋት ብቻ የሚወስደው አርቲኤክስ 4060 ይበቃዎታል እልዎ ነበር፤ ትልልቆቹን ጌሞችና ስድስት ዓመቱን ስለጠቀሱ ነው በ4070 የጸናሁት።

በዝርዝርዎ ላይ ፕሮሰሰር አልጻፉም። ራይዘን 5 7600ን እመክራለሁ፤ ስድስት ኮር አለው፣ ኃይል ቆጣቢ ነው፣ ማቀዝቀዣው ከሳጥኑ ውስጥ አብሮት ይመጣል። ዋናው ምክንያቴ ግን የሚቀመጥበት ኤኤም5 የተባለው ሶኬት ነው፤ በ2022 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የወጣ ሲሆን፣ አምራቹ ቢያንስ እስከ 2027 አዳዲስ ፕሮሰሰሮች እንደሚያወጣለት አስታውቋል። ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላ ማዘርቦርዱን ሳይነኩ ፕሮሰሰሩን ብቻ መለወጥ መቻል ስድስት ዓመት ለሚታሰብ ኮምፒውተር ትልቅ ነገር ነው። ያገለገለ ዕቃ ለመግዛት ከተገደዱ ደግሞ የቀደመው ትውልድ ራይዘን 5 5600 ዛሬም የሚያሳፍር አይደለም።

አንዱን ባለ 8 ጊጋባይት ራም በሁለት ባለ 16 ይተኩት። ሁለት መሆናቸው ከመጠኑ ባልተናነሰ ያስፈልጋል፤ ፕሮሰሰሩ በሁለት መንገድ በአንድ ጊዜ ስለሚያነብ በጌም ላይ ልዩነቱ ይታያል። ከተገጠመም በኋላ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሣ የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ውስጥ ገብተው ኤክስፖ የሚለውን የራም ፍጥነት ማስተካከያ ካላበሩ፣ ራሙ ከተገዛበት ፍጥነት በታች ሲሠራ ይኖራል። በጥገና ቤታችን ያለ አንዳች ብልሽት «ቀርፋፋ ነው» ተብለው ከመጡ አዳዲስ ኮምፒውተሮች ስንቶቹን በዚህችው አንዲት ማስተካከያና ዊንዶውስ ውስጥ የስክሪኑን ኸርዝ ከ60 ወደ 144 በመቀየር መልሰናል። የስክሪኑን ገመድ ከማዘርቦርዱ ሳይሆን ከግራፊክስ ካርዱ ላይ መሰካትም እንደዚሁ የሚረሳ ነገር ነው።

ሃርድ ዲስኩን በባለ 2 ቴራባይት ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ፈጣን ዲስክ) ይለውጡት። ዛሬ አንድ ትልቅ ጌም 100 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ ይይዛል፤ በሰከንድ 10 ሜጋቢት በሚሰጥ መስመር 100 ጊጋባይት ለማውረድ፣ ፍጥነቱ ሳይቀንስ ቢቀጥል እንኳን 22 ሰዓት ይፈጃል። በቦታ ጥበት ምክንያት ጌም እያጠፉ እንደገና ማውረድ ስለዚህ በጎንደር ከዲስኩ ዋጋ የሚበልጥ ኪሳራ ነው። ጌም የሚገዛበትና የሚወርድበት ስቲም የተባለው ፕሮግራም በአንድ ኔትወርክ ላይ ካለ ሌላ ኮምፒውተር ጌሙን በቀጥታ መቅዳት ስለሚፈቅድ፣ ጌሙ ያለው ጓደኛ ኮምፒውተሩን ይዞ ቢመጣ የአንድ ቀን ሥራ በደቂቃዎች ያልቃል። ዊንዶውስ 11ን ይጫኑ፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል።

ሌሎችን በኢንተርኔት ስለመግጠም አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ወጣት በዚህ ስለሚያዝን ነው። ፒንግ የሚባለው መዘግየት ከኮምፒውተርዎ ኃይል ጋር አይገናኝም። ብርሃን በፋይበር ውስጥ 1,000 ኪሎ ሜትር ደርሶ ለመመለስ 10 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ጌሙ የሚስተናገድበት ሰርቨር አውሮፓ ወይም መካከለኛው ምሥራቅ ከሆነ ያ ርቀት በምንም ካርድ አያጥርም። ማድረግ የሚችሉት ሁለት ነው፦ ራውተሩን በዋይፋይ ሳይሆን በገመድ ያገናኙ፣ ወንድምዎም በዚያ ሰዓት ቪዲዮ እንዳያወርድ ይስማሙ።

ስለ ማቀዝቀዣ ከተማችን የራሷ ባሕርይ አላት። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየራችን በባሕር ጠለል ላይ ካሉ ከተሞች 20 በመቶ ያህል የሳሳ ነው፤ ያው ማራገቢያ በያው ፍጥነት ቢዞር የሚጠርገው ሙቀት ያነሰ ነው ማለት ነው። ስለዚህ በውጭ አገር ገምጋሚዎች የሚለካው የሙቀት መጠን እዚህ ጥቂት ዲግሪ ቢጨምርብዎ ዕቃው የተበላሸ አይምሰልዎ። የአየሩ ጠባይ ለዘብ ያለ መሆኑ ይክሰናል፤ ከፊቱ መረብ የሆነ ኬዝ፣ ሁለት የሚያስገቡና አንድ የሚያስወጣ ማራገቢያ ካለዎት የውኃ ማቀዝቀዣ አያስፈልግዎትም። ከፊት መስተዋት የሆኑትን ኬዞች ለውበታቸው ብለው አይግዙ። የበጋውን አቧራ ለመቀነስ ኬዙን ከመሬት አንሥተው በጠረጴዛ ላይ ያኑሩት፤ ማጣሪያውን በየወሩ ያራግፉ፤ በአየር ሲነፉ ደግሞ የማራገቢያውን ክንፍ በጣትዎ ይዘው ይሁን፤ በግፊት ሲሽከረከር ይጎዳልና።

ዕቃዎቹን ከአዲስ አበባ የሚያስመጡ ከሆነ ተገጣጥሞ ያለቀ ኮምፒውተር በአውቶቡስ አያስጭኑ። 700 ኪሎ ሜትር ያህል በሚሆነው መንገድ ላይ ከባዱ ካርድ በእያንዳንዱ ጉድጓድ እየተንገጫገጨ የተሰካበትን ቦታ ይሰብራል። ካርዱ ተነቅሎ በራሱ ካርቶን ይምጣ፣ ስክሪኑም እንደቆመ ይጫን። መልሰው ሲገጥሙት የኃይል ገመዱ ጫፍ እስከ መጨረሻው መግባቱን በዓይንዎ ይመልከቱ፤ በግማሽ የገባ ማገናኛ ይግላል፣ ይቀልጣልም።

ማንኛውንም ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት አንድ ሥራ ልስጥዎት። መለኪያ ካለው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጋር ተነጋግረው፣ አከራይዎ እንጀራ በሚጋግሩበት ቀንና ሌሊት ሁሉም በተኛበት ሰዓት በክፍልዎ ሶኬት ላይ ያለውን ቮልት ለአንድ ሳምንት ይመዝግቡ፤ በሶኬቱ ላይ ኧርዝ መኖር አለመኖሩንም ያስፈትሹ። ቁጥሮቹን ሲልኩልኝ የትኛው ዩፒኤስ እንደሚበቃዎትና ስታቢላይዘር ያስፈልግ እንደሆነ ለይቼ እነግርዎታለሁ።